ሰርቨራችን ሲዘጋ ለምን ይዘገያል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

አዲሱ ቨርዥን ከወጣ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ተቆጥታችኋል። «ድሮ ቁም ሲሉት ቀጥ ይል ነበር፤ አሁን ይንቀራፈፋል» ብላችሁናል። የድጋፍ ክፍያው በዚሁ ሰሞን መጨመሩን ከዚህ ጋር ያያያዛችሁትም አላችሁ። ሥራችሁ ስለተጉላላ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሰርቨሩ በእጁ ያለውን ጨርሶ እንዲዘጋ የወሰንነውን ግን አንቀለብሰውም። ምክንያታችንን ሰምታችሁ ብትፈርዱብን ይሻላል።

መልእክት አድራሹ ሰርቨራችን የሚሠራው በኢቨንት ሉፕ ነው፤ ማለትም የመጣለትን እየተቀበለ በሚዞር አንድ ዙር። መልእክት ሲመጣ ያነሳል፣ ያደርሳል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሁሉም በተራው ነው። ሲግናል፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለፕሮግራም የሚያደርሰው አጭር ማሳወቂያ፣ ግን ተራ የሚባል ነገር አያውቅም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮግራሙን የትም ቦታ ላይ አቋርጦ ሃንድለሩን፣ ማለትም ለሲግናሉ ምላሽ የሚሰጠውን የኮድ ክፍል፣ ያስነሳል።

እስቲ አንዷን ቅጽበት ቀረብ ብለን እንያት። ፕሮግራሙ ሜሞሪ ፈልጎ ሜሞሪ አዳዩን ማሎክን ጠርቷል። ማሎክ የውስጥ መዝገቡ እንዳይበላሽ ሎክ (ሌላ እንዳይነካው የሚከለክል ቁልፍ) ይዟል። ልክ እዚህ ላይ ሲግተርም፣ «ዝጋ» የሚለው ሲግናል፣ ከች ይላል። ሃንድለሩ «እየተዘጋሁ ነው» ብሎ ሎግ (የሥራ ማስታወሻ) ለመጻፍ ጽሑፍ አውጪውን ፕሪንትኤፍን ይጠራል፤ ፕሪንትኤፍም ማሎክን ሊጠራ ይችላል። ማሎክ ሎኩ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ሎኩን የያዘው ግን ያው የተቋረጠው ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ ሃንድለሩ ሳይጨርስ ወደ ሥራው አይመለስም። በቃ፣ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ሎግ የለ፣ የስህተት መልእክት የለ። ሲፈተሽ አይታይም፤ የሚመጣው ሥራ በበዛበት ሰዓት ነው።

የጀማሪ ችግር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኦፕንኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨር መግቢያ ፕሮግራም) ላይ የተገኘው ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ የዚሁ ዘር ነው። ለመግባት የሞከረው ሰው በተሰጠው ጊዜ ሎግኢን ካላደረገ ሲግአላርም (ጊዜው ማለቁን የሚናገር ሲግናል) ይመጣል፤ ሃንድለሩም እዚያ ቦታ መጠራት የሌለበትን ሎግ ጸሐፊውን ሲስሎግን ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ተደፍኖ የነበረው ይህ ቀዳዳ በ2020 በተደረገ ለውጥ ተመልሶ ገባ። እነሱን ያህል ጠንቃቆች ከሳታቸው፣ እኛ ትንሽዬዎቹ በምን ልባችን እንተማመናለን?

ስለዚህ አሁን ሃንድለራችን አንዲት ባይት (ቁራጭ ዳታ) ፓይፕ (ዳታ የሚተላለፍበት ቱቦ) ውስጥ ጽፎ ይወጣል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ደወል ይደውላል እንጂ በር አይከፍትም። ሉፑ ያንን ፓይፕ እንደ ማንኛውም ግንኙነት ይከታተለዋል፤ ባይቷን ሲያነብ መዝጋቱን በሰላም ይጀምራል። ፓይፑ ቢሞላ እንኳ ሃንድለሩ ቆሞ አይጠብቅም።

«ታዲያ ሃንድለሩ አንድ ቫሪያብል (ሉፑ የሚያየው የምልክት ቁጥር) 1 ቢያደርግ አይበቃም ወይ?» ያላችሁን አላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሉፑ ቫሪያብሉን አይቶ «ምንም የለም» ብሎ ሊተኛ ሲል፣ በዚያች ክፍተት ሲግናሉ ቢመጣስ? ሌላ መልእክት እስኪቀሰቅሰው ድረስ ተኝቶ ይቀራል። ፓይፕ ውስጥ ያለች ባይት ግን እስክትነበብ አትጠፋም። ሲግናልን እንደ ፋይል ለማንበብ የሚያስችለውን ሲግናልኤፍዲን ለምን አልተጠቀማችሁም ላላችሁን ደግሞ፣ እሱ ያለው ሊኑክስ ላይ ነው። በሌላ ሲስተም ከእኛ ጋር የከረሙ ደንበኞች አሉን፤ ጥለናቸው አንሄድም።

በነገራችን ላይ፣ ተመሳሳይ ሲግናሎች ሳይስተናገዱ ቢደራረቡ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ሰርቨሩ ያስነሳቸው ሦስት ቻይልድ ፕሮሰሶች (ንዑስ ፕሮግራሞች) አብረው ቢሞቱ፣ መሞታቸውን የሚናገረው ሲግቻይልድ አንድ ብቻ ሊደርስ ይችላል። አሁን አንዱ በመጣ ቁጥር የሞቱትን ሁሉ ለቅመን እንጨርሳለን። ሞተው ሳይለቀሙ ስለሚቀሩት ዞምቢ ፕሮሰሶች ይቀርብልን የነበረው ቅሬታ የጠፋው በዚህ ነው። ለእሱ ያመሰገነን የለም፤ ይሁን።

ወደ መዘግየቱ ልመለስ። ሰርቨሩ ሲግተርም ሲደርሰው አዲስ ግንኙነት መቀበል ያቆማል፣ በእጁ ያለውን መልእክት ያደርሳል፣ ከዚያ ይወጣል። ይህ ቢበዛ 8 ሰከንድ ይፈጃል። ቁጥሩን ዝም ብለን አልመረጥነውም። ካልቀየራችሁት በቀር፣ ፕሮግራም የሚያስነሱትና የሚዘጉት መሣሪያዎች ዶከር 10 ሰከንድ፣ ኩበርኔቲስ 30 ሰከንድ ጠብቀው ሲግኪል (በግድ የሚገድል ሲግናል) ይልካሉ፤ ሲግኪልን ደግሞ የትኛውም ፕሮግራም ሊይዘው አይችልም። የግድ ከቸኮላችሁ ሁለተኛ ሲግተርም ላኩ፤ ወዲያው ይወጣል። በእጁ የነበረው መልእክት ግን አብሮ ይቀራል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ መዘግየት አልሸጥንላችሁም። የሰርቨር ኪራይ ጨምሮብናል። ሰርቨሩ በሥራ ተወጥሮ ሳለ ሲግናል እየላኩ የሚፈትኑት ማሽኖች ቀንና ሌሊት ይሠራሉ፤ ያም ወጪ ነው። ይህን ሥራ ብቻዬን ስጀምር ያመኑኝ ደንበኞች ዛሬም አብረውኝ አሉ። መልእክታቸው መንገድ ላይ እንዲቀር አልፈልግም። እውነቱን ለመናገር፣ «ለገንዘብ ብላችሁ ነው» የሚለው ቃል ከእነሱ ሲመጣ ከብዶኛል።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ትዕግሥት አጥታችሁ በስክሪፕታችሁ ውስጥ ኪል -9 (ሲግኪል የሚልከውን ትእዛዝ) የጻፋችሁ አንሱት። ማንሳት የሚያስቸግር ከሆነ ስክሪፕቱን ላኩልን፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብረን እናስተካክለዋለን። ሌላ ድርጅት ለመፈለግ የወሰናችሁም ብትሆኑ፣ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ደውሉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት