እማዬን ይዤ ሮምና ቬኒስ

ፍራንክፈርት፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽስ? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ ቶሎ ገባ ይሉኛል፤ ጋቢሽን አትርሺ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩሽ። አባዬ ሲያርፍ እኔ ወረቀቴ አላልቅ ብሎኝ እዚህ ስቀር፣ እማዬን ደግፈሽ ለቅሶ የተቀመጥሽው፣ እስከ አርባው ድረስ ማታ ማታ አብረሻት ያደርሽው አንቺ ነሽ። ያን ጊዜ ወዲያው ደውዬ ማመስገን ሲገባኝ ቃል አጣሁ። ከዚያ አንዱ ወር ሌላውን እየተካ ሄደ፤ በዘገየሁ ቁጥር ደግሞ ሐፍረቱ በረታብኝ። ይቅር በይኝ እቴ። አሁን የምጽፍልሽ እማዬ መጥታልኝ ስለነበር ነው። አብረን ያየነውን ከአንቺ በቀር ለማን እነግረዋለሁ?

ሮም የበረርነው በመስከረም መጨረሻ ነው። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ ፌስታል ቆሎና አንድ ፌስታል በሶ ይዛ፣ «መንገድ አይታወቅም» ብላ ወጣች። በመጀመሪያው ጠዋት ቡና ቤት ገባን። እኔ «ላቴ» አልኩ፤ የመጣልኝ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ነው፣ የቡና ጠብታ የለበትም። ለካ በጣሊያንኛ ላቴ ማለት ወተት ብቻ ኖሯል! ቡና ከፈለግሽ «ካፌላቴ» ማለት አለብሽ። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና እማዬ ወተቱን በሩቁ አይታ «በይ አንቺው ጠጪው፣ ለኔ ጥቁር ቡና ይበቃኛል» አለች። ጾም መሆኑን የረሳሁት እኔ ነኝ፤ እሷስ መቼ ትረሳለች። ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ ሁለታችንም ደነገጥን። እዚያ ባንኮኒው ጋ ቆመሽ ስትጠጪ አንድ ዋጋ፣ ወንበር ስበሽ ስትቀመጪ ሌላ ዋጋ ነው። ያቺ «ቡና ቆሞ አይጠጣም» እያለች ያሳደገችን ሴት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንኮኒ ተደግፋ ቡናዋን ፉት ስትል ብታያት!

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። ልጆች ሆነን በዚያ ውርጭ በጠዋት ስንሮጥ፣ አንቺ ሁልጊዜ ከፊት እኔ ሁልጊዜ ከኋላ፣ «አንድ ቀን አበበ የሮጠበትን መንገድ አብረን እንሄድበታለን» የተባባልነውን ታስታውሻለሽ? የተወለደባት ጃቶ ከኛ ብዙ ስለማትርቅ አበበ ቢቂላ ለኛ የሰፈር ሰው ነበር። ያለ አንቺ ሄድኩበት፤ ቅር እንዳይልሽ። የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን ከተነሳበት ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ጀምረን ማለቂያው ድረስ በእግራችን ሄድን። 42 ኪሎ ሜትሩን አይደለም፤ መነሻውና መድረሻው ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ ለእማዬ እግር አልከበደም።

መንገዳችንን አጠፍ አድርገን ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ቆምን። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የኖረው እዚህ ነው፣ ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት። አበበ ያን ምሽት ችቦ በያዙ ወታደሮች መካከል እየሮጠ መጥቶ፣ እዚህ ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ነው ፍጥነቱን ጨምሮ አብሮት ይሮጥ የነበረውን ሞሮኳዊ ጥሎት የሄደው። ይህን ስነግራት እማዬ ዙሪያውን አየችና «ታዲያ የታለ ሐውልቱ?» አለች። «አገሩ ገብቷላ! እ.ኤ.አ. በ2005 በአውሮፕላን አክሱም የወረደው እሱ አይደል?» ስላት ለካስ ረስታው ኖሯል፤ እዚያው መሐል አደባባይ እልልታዋን አቀለጠችው። መንገደኛው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ነገሩ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እጇን እያጨበጨበች አጀበቻት።

የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ስንደርስ እግሯ አብጦ ጫማው አላስቆም አላት። አወለቀችና በእጇ ይዛ፣ «አበበስ ባዶ እግሩን አይደል እዚህ የገባው?» ብላ መራመዷን ቀጠለች። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ አለቀስኩም ሳቅሁም። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባባት ምሽት እኮ በኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነች፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ያን ዓመት በማግስቱ አበባየሆሽ ያሉ ልጆች ምን ያህል ደስ ብሏቸው ይሆን? አንቺ እዚያ መሆን ነበረብሽ።

ከሮም ወደ ቬኒስ በባቡር አራት ሰዓት ያህል ነው። «ቬኔዚያ» የሚል ጽሑፍ ሳይ ደረስን ብዬ ሻንጣዋን ጎትቼ፣ እማዬን አጣድፌ አወረድኳት። ባቡሩ ሄደ። እማዬ ግራ ቀኝ አየች፤ አስፋልት፣ አውቶቡስ፣ ፎቅ። «ውኃው የታለ?» አለችኝ። ያ ለካ ቬኔዚያ ሜስትሬ ነው፣ የብስ ላይ ያለው ክፍል። ውኃ ላይ ያለችው ከተማ ቀጥሎ ባለው ጣቢያ በሳንታ ሉቺያ ነች። ሌላ ባቡር ጠብቀን በረጅሙ ድልድይ ባሕሩን ማቋረጥ ስንጀምር እማዬ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ አማተበች። «አሁን ገና መጣን» አለች።

ቬኒስ መኪና የለም። ድልድዩ ሁሉ ደረጃ ነው፤ አንዱን ወጥተሽ ስትወርጂ ሌላው ይጠብቅሻል። አራተኛው ድልድይ ላይ የሻንጣዋ አንድ ጎማ ተገንጥሎ እየዘለለ ደረጃውን ወረደ፤ ቦዩ አፋፍ ላይ አንድ ልጅ በእግሩ አስቆመልን። ጠበብ ባለች ጎዳና ቁልፍ የሚቀርጽና የእጅ መሣሪያ የሚሸጥ ሽማግሌ ሱቅ ገባን። እኔ በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም ሞከርኩ፤ ሰውዬው ራሱን ይነቀንቃል። እማዬ እኔን ገለል አደረገችና በጣቷ እያሳየች «ካቻቪቴ» አለችው።

ሰውዬው ቀና አለ። ካቻቪቴውን አንስቶ አሳያት። «ብሎን» አለች፤ ሳጥኑን ከፍቶ ብሎን አወጣ። «ፒንሳ»። ፒንሳውንም አመጣ። ከዚያማ ሥራው ቀርቶ ጨዋታ ሆነ፤ እሷ ትጠራለች፣ እሱ እየሳቀ ያነሳል። «ጎማ» ስትል የሻንጣውን ጎማ በጣቱ መታ መታ አደረገላት። በመጨረሻ ካልሲዋን አሳየችው፤ እሱም «ካልትሴ!» አለ፣ ከኛ ብዙም ሳይለይ። አባዬ መኪና ሥር ገብቶ እጁን እየዘረጋ «ካቻቪቴ! ፒንሳ!» ሲል የምታቀብለው እሷ እንደነበረች ታውቂያለሽ፤ ግቢያችን ስትመጪ ስንት ጊዜ አይተሻል። እነዚያን ቃላት አባዬ ካረፈ ወዲህ ከአፏ ሰምቼያቸው አላውቅም ነበር። ሰውዬው ጎማውን በአዲስ ብሎን አሰረላትና ገንዘቡን እምቢ አለ። እሷም በሁለት እጇ ቆሎ ሞልታ ሰጠችው። አሮጌውን ብሎን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ወጣች። «ለምን?» ብላት፣ «አባትሽ ብሎን አይጥልም ነበር» አለችኝ።

በመልሱ ከሚላኖ ወደ ዙሪክ ስንሄድ ድንበሩ ላይ፣ ኪያሶ፣ የጉምሩክ ሰዎች ባቡሩ ውስጥ ገቡ። አንዱ ስም የሌለበት ፌስታል ውስጥ ያለውን ቡናማ ዱቄት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። በሶ መሆኑን ላስረዳው ስንተባተብ፣ እማዬ ኩባያዋን አውጥታ፣ ውኃ ጨምራ፣ በጠበጠችና ግጥም አድርጋ ጠጣችው። ቀጥላም ለእሱ ዘረጋችለት። አልቀመሰም፤ ግን ሳቀና ፌስታሉን ቋጥሮ በአክብሮት መለሰላት። 57 ኪሎ ሜትር የሆነውን የጎታርድ ዋሻ ያለፍነው እሷ እንቅልፍ ላይ ሆና ነው። ይህን ሁሉ ተራራ በሥሩ አለፍሽ ስላት አላመነችኝም፤ አንቺ ብትነግሪያት ትሰማሻለች።

ሐሙስ ዕለት አገሯ ትገባለች። ቅስቱ ሥር ጫማዋን በእጇ ይዛ የተነሳችውን ፎቶ አሳጥቤ ለአንቺ ልኬያለሁ፣ ከጀርባው ቀኑን ጽፌበታለሁ። የልጆቹ ሹራብም አለ፤ ልኩን በግምት ነው የገዛሁት። ብሎኑን ራሷ ታሳይሽ፣ አስቀድመሽ እንደምታውቂ እንዳትነግሪያት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ታፈላለችና እሷ ጋ ሂጂልኝ። እኔም በዚያው ሰዓት እደውላለሁ። ስልኩን መጀመሪያ ላንቺ ትስጥሽ ብያታለሁ።

ያንቺው ናፋቂ