ስለ ቅጠሉ ለጠየቅሽኝ

ይድረስ ለውድ ባልንጀራዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የቤታ ዓሣሽ ጭራ እየተበላ መሆኑን ነግረሽኝ «ደረቅ ቅጠል ያድነዋል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብለሽ የጻፍሽልኝ የእኔው ዓሣ በሞተበት ሳምንት ነበርና፣ ምን ብዬ እንደምመክርሽ ጠፋኝ። ከዚያ በኋላ ቀኑ በረዘመ ቁጥር እፍረቴ እየባሰ ሄዶ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ይቅር በይኝ። ልጅሽ ሌላ ቤታ ማስገዛቱን ከእህትሽ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቤታ በቤት ውስጥ ለጌጥ የሚያዝ ትንሽ ዓሣ ሲሆን የታይላንድ ተወላጅ ነው፤ መንግሥቷም እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ ብሔራዊ የውኃ እንስሳ ብሎ ሰይሞታል። የሚኖረው በሩዝ ማሳና በረግረግ፣ ጥልቀት በሌለውና እምብዛም በማይፈስ ውኃ ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ የረገፈ ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን ቀጭን ሻይ ያስመስለዋል። የአገሩ አርቢዎች በዓሣው መያዣ ውስጥ የሚጨምሩት «ሁ ክዋንግ»፣ ማለትም የአጋዘን ጆሮ፣ የሚሉትን ዛፍ ደረቅ ቅጠል ነው። እኔ ባለሁበት በሻርጃ ይህንኑ ዛፍ ቢዳም ይሉታል፤ ዓሣ ሻጮች ደግሞ የሕንድ ለውዝ ይሉታል፤ እኛ ከምንቆላው ለውዝ ጋር ግን ዝምድና የለውም።

ቅጠሉ ሲዘፈዘፍ ታኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ውኃውንም ወደ አሲድነት በጥቂቱ ያዘነብለዋል፣ ምንም እንኳ ማዕድን በበዛበት ውኃ ለውጡ እምብዛም ባይታይም። የቅጠሉ ጭማቂ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንና ሻጋታዎችን እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ነገር ግን አንድ ቅጠል በብዙ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚለቀው እጅግ የሳሳ ስለሆነ እንደ መድኃኒት ልትቆጥሪው አይገባም። እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። የዓሣዬ ክንፍ መበስበስ ሲጀምር ቅጠሉን እጥፍ አደረግሁ፤ ውኃው ቡናማ ስለሆነም ቆሻሻው አልታየኝምና መቀየሩን ቸል አልኩ። ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ምግብ የሚወጣው አሞኒያ ግን በቅጠል አይወገድም፤ በአራት ሊትር ብርጭቆ ውስጥ ተከማችቶ ገደለው። ቤታ ከውኃው ወለል ላይ አየር መተንፈስ ስለሚችል በጠባብ ዕቃ ይኖራል የሚሉሽን አትመኚ፤ አየር ማግኘቱ ከተመረዘ ውኃ አያድነውም።

ስለዚህ መያዣው ቢያንስ ሃያ ሊትር ይሁን፤ በየሳምንቱም ሩቡን ያህል ውኃ፣ ክሎሪኑን ባስወገድሽለት ውኃ ተኪለት። የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚበርድ ሙቀቱን ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሚጠብቅ ማሞቂያ ከቅጠሉ ይቀድማል። ቅጠሉን በተመለከተ፣ ራሱ ረግፎ የደረቀውን እንጂ አረንጓዴውን አትጠቀሚ፤ የመኪና ጢስ ወይም ፀረ ተባይ ከነካው ዛፍ ሥርም አይለቀም። ታጥቦ አንድ የእጅ መዳፍ የሚያህል ለሃያ ሊትር ይበቃል፤ ጥቂት ቀን ተንሳፎ ይሰምጣል፤ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ሲቦጫጨቅ በአዲስ ይተካል። ማጣሪያሽ ከሰል ካለበት ታኒኑን ስለሚመጥጠው ከሰሉን አውጪው። አባሎ፣ ትግርኛው ወይባ የሚለው፣ የዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ያም ሆኖ ጢሱ ለገላ መልካም ስለሆነ ብለሽ ቅጠሉን ዓሣው ላይ አትሞክሪ።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ጎረቤቴ ከአንድ ጓሮ የለቀምኳቸውን አሥራ ሁለት ቅጠሎች በወረቀት ጠቅልላ ይዛልሻለች። የመጀመሪያውን ልጅሽ በእጁ ያስገባው። ዓሣው ወንድ ከሆነ፣ በውኃው ወለል ላይ በቅጠሉ ጥግ አረፋ መሰብሰብ ሲጀምር ጎጆ እየሠራ ነውና፣ ያን ዕለት ጻፊልኝ፤ እኔም በዚያው ሳምንት እመልስልሻለሁ።

ሁልጊዜ የምትናፍቂኝ ወዳጅሽ