ከመዝገቡ ጀምሪ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ባዶ እጄን ብመጣ ያሳፍረኛልና፣ ለጀመርሽው የአየርላንድ ታሪክና ባህል ትምህርት የሚሆን ስንቅ ይዤልሻለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሳውን የ1916ቱን የፋሲካ አመፅ መምህራንሽ በደንብ ያስተምሩሻል። አንቺ መዝገብ ማንበብ ልመጂ። በሰኔ 1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ደብሊን ያለው የመንግሥት መዝገብ ቤት ነደደ፤ ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች ከጥቂት ቅሪት በቀር አመድ ሆኑ። ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን ግን እሳት አይደለም የበላቸው፤ መንግሥት ራሱ ነው ያስወገዳቸው። ብዙ ተማሪ ሁሉንም በቃጠሎው ያሳብባል። ሳይጎድል የተረፈው ቀዳሚው ቆጠራ የ1901 ነው፤ ቀጥሎ የ1911። ሁለቱንም በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ በነፃ ታነቢያለሽ።

ጎን ለጎን ስታስቀምጫቸው አንድ ነገር ይገርምሻል፦ በ1901 ሃምሳ አምስት የነበረ ሰው በ1911 ሰባ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱ ጡረታ ነው። በ1908 የወጣው ሕግ ሰባ ዓመት ለሞላቸው ድሆች አበል ሰጠ፤ አጠቃላይ የልደት ምዝገባ የተጀመረው ግን በ1864 ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ማስረጃ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሰውን በዕድሜ ብቻ አትለዪ፤ የመንደሩን፣ የልጆቹንና የሥራውን ዓምድ አብረሽ እዪ። የቋንቋው ዓምድ ባዶ ከሆነ ደግሞ መረጃ ጎደለ አትበይ፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ሰው ባዶ እንዲተወው ነበር መመሪያው።

ረሃብ ሲባል እኛ ድርቅ ነው የሚታየን። በ1845 የጀመረው የአየርላንዱ ግን በእርጥበት የሚስፋፋ፣ ቅጠሉንም ድንቹንም የሚያበሰብስ በሽታ ነበር። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ወረደ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሞተ፣ ከዚያ የማያንስ ተሰደደ። በዚያው ሰዓት እህልና ከብት ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። ስለዚህ ጽሑፍሽ በድንቹ በሽታ ብቻ ካለቀ ግማሹ ቀርቷል፤ መሬቱ የማን እንደነበረና ኪራዩ በምን እንደሚከፈል ጠይቂ።

ቋንቋውን ለኋላ አታቆዪው። አየርላንድኛ ግሡን ያስቀድማል፤ «ሰውየው በሩን ዘጋ» የምንለውን «ዘጋ ሰውየው በሩን» ይላል። ግዕዝ የቀመሰ ብዙም አይደነግጥም። በድሮው የህትመት ፊደል ከተናባቢው በላይ ያለችው ነጥብ ዛሬ «ኤች» ተብላ የምትጻፈው ናት፤ ስትገለብጪ ከጣልሻት ቃሉ ይለወጥብሻል። በስም ማውጫም ተጠንቀቂ፤ የቤተሰብ ስም መነሻው በፆታ ይለያያል፦ ወንድሙ «ኦ» ሲሆን እህቱ «ኒ» ነች፣ «ማክ» ሲሆን «ኒክ»። በአንዱ ብቻ ከፈለግሽ ሴቶቹን ሁሉ ታጫቸዋለሽ።

ከ1937 ጀምሮ የትምህርት ቤት ልጆች ከአዛውንት ሰምተው የጻፉትን የአፈ ታሪክ ስብስብም አትለፊው። የተሰበሰበው ከእንግሊዝ በተለየው ክፍል 26 አውራጃዎች ብቻ ነው፤ በእንግሊዝ ሥር የቀሩትን የሰሜኖቹን ስድስት እዚያ አትፈልጊ።

የትኛውን አውራጃ እንደመረጥሽ ጻፊልኝ፤ መሬቱን ማን እንደያዘና ምን ያህል እንደተገመተ ስለሚያሳየው የመሬት ግመታ መዝገብ የምነግርሽ በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው።

ናፋቂሽ