«ግሽበት ቀነሰ» ሲባል ምን ቀነሰ? ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ

ጉዳዩ፦ ወርሃዊው የዋጋ ግሽበት መግለጫ ለአንባቢ በሚገባ መልኩ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ታህሳስ 2014 ላይ በ1,000 ብር ይሸመት የነበረ አስቤዛ ታህሳስ 2017 ላይ 2,015 ብር ገደማ ገብቷል። ሒሳቡ የተሠራው ከመግለጫዎቻችሁ ነው። የታህሳስ 2015 ዓመታዊ ግሽበት 33.8 በመቶ፣ የታህሳስ 2016 28.7 በመቶ፣ የታህሳስ 2017 ደግሞ 17 በመቶ ነበር፤ 1.338ን በ1.287፣ የተገኘውን በ1.17 ማባዛት ብቻ ነው። በሦስት ዓመት ዋጋ እጥፍ ሆነ፤ የግሽበቱ ቁጥር ግን በየዓመቱ ዝቅ እያለ መጣ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ታክሲ ውስጥ ዜና የሚያዳምጥ ሰው ግን «ግሽበት ቀነሰ» ሲባል የሚገባው ሽንኩርት ረከሰ ተብሎ ነው። ከስታዲየም ተሳፍሮ አራት ኪሎ ሲወርድ ዜናውንም መሥሪያ ቤቱንም ማመን ትቷል።

ይህን የምንጽፈው ቁጥሩ ተቀባብቷል ለማለት አይደለም። የማክሮ ኢኮኖሚክስ መግቢያ ስናስተምር ተማሪ ቶሎ የሚስተው የዋጋ ደረጃንና የዋጋን የዕድገት ፍጥነት ነው፤ መኪናው ከ100 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢቀዘቅዝም ወደፊት መሄዱን አላቆመም። ችግሩ ሕዝብ ጆሮ የሚደርሰው ፍጥነቱ ብቻ መሆኑ ነው፤ ያውም የ12 ወሩ፣ ማለትም ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር የሚነጻጸረው።

የ12 ወሩ ቁጥር ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። አዲስ ወር ሲገባ የአምናው ተመሳሳይ ወር ከስሌቱ ይወጣል። በአንዱ ወር ዋጋ 5 በመቶ ዘለለ፣ በቀሩት 11 ወራት በየወሩ 1 በመቶ ጨመረ እንበል። ዓመታዊው ቁጥር 17.1 በመቶ ይሆናል። በሚቀጥለው ወር የ5 በመቶው ዝላይ ይወጣና በ1 በመቶ ይተካል፤ ዓመታዊውም 12.7 ላይ ያርፋል። በአንድ ወር ከ4 መቶኛ ነጥብ በላይ ወረደ ማለት ነው፣ ገበያው ግን በዚያ ወር ከወትሮው ምንም የተለየ ነገር አላየም። የወረደው ባለፈው ዓመት በተፈጠረ ነገር ምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የተከተለ የዋጋ ጭማሪም ዓመቱን ሲሞላ ከስሌቱ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። የመሠረት ወር ውጤት፣ ማለትም የአምናው ወር ዋጋ በዘንድሮው ቁጥር ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ ምን ያህል እንደሆነ ያልጻፈ መግለጫ ፖለቲከኛው ሳይገባው እንዲመሰገን፣ ወይም ሳያጠፋ እንዲወቀስ ያደርጋል።

ምንዛሪውን ካነሳን አይቀር፣ ከውጭ የሚመጣው የዋጋ ግፊት ለብቻው ቢለይ ትልቅ ነገር ነበር። ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ የሁሉም ዕቃ ዋጋ በዚያው ልክ አልተወነጨፈም። ብዙ አስመጪ ቀድሞውንም ዶላሩን ከጥቁር ገበያ እየገዛ ዋጋውን በዚያ ተምኖ ነበር፤ የእሱ ዕቃ ጭማሪውን አስቀድሞ ተሸክሟል። በባንክ ምንዛሪ ይገቡ የነበሩት ነዳጅና ማዳበሪያ ግን ዋጋቸው የሚስተካከለው በመንግሥት ውሳኔ፣ ቀስ እያለ ነው። ስለዚህ ግፊቱ በአንድ ወር ሳይሆን ተንጠባጥቦ ይገባል፤ ነዳጁ ወደ ትራንስፖርት፣ ትራንስፖርቱ ወደ ቲማቲም። በላዩ ላይ የዓለም ገበያ አለ። የካቲት 2014 በዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ስንዴ፣ ነዳጅና ማዳበሪያ አብረው ተሰቀሉ፤ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክም በ16 ወራት ውስጥ ወለዱን ከዜሮ አካባቢ ወደ 5.25–5.50 በመቶ አድርሶ ዶላርን ለሁላችንም አስወደደ። «ምግብ» እና «ምግብ ነክ ያልሆነ» የሚለው ክፍፍል ይህን አያሳይም። የምግብ ዘይት ምግብ ነው፣ ዋጋው የሚወሰነው ግን በአብዛኛው ባሕር ማዶ ነው። ጎመንም ምግብ ነው፣ ዋጋውን የሚወስነው ዝናብና የመንገድ ሁኔታ ነው።

ወደ ዋጋ አሰባሰቡ ስንገባ በቅርብ ማየት የሚገባቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛው ዳቦ ነው። 100 ግራም ይመዝን የነበረ ዳቦ በዚያው ዋጋ 80 ግራም ሲሆን የግራሙ ዋጋ 25 በመቶ ጨምሯል። ዋጋ ሰብሳቢው ሚዛን ይዞ ካልሄደ ቅጹ ላይ «ለውጥ የለም» ብሎ ይመለሳል። ጤፍ ላይ ስህተቱ ተገልብጦ ይመጣል፦ እህል በረንዳ በዚያ ሳምንት ማኛ ጠፍቶ የሠርገኛው ዋጋ በማኛ መስመር ላይ ከተመዘገበ፣ ጤፍ የረከሰ ይመስላል። እንጀራው ውስጥ ሩዝ ሲደባለቅ ደግሞ ዋጋው ባለበት ይቆማል፣ ዕቃው ግን ሌላ ዕቃ ሆኗል። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ቅጹ ላይ ከዋጋው ጎን የክብደትና የዓይነት ሣጥን ማስገባት፣ ለሰብሳቢውም የእጅ ሚዛን መስጠት ነው።

ሌላው የሱቆቹ መነሳት ነው። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና አራት ኪሎ ብዙ ሱቅ ተነስቷል። ዋጋ ይሰበሰብበት የነበረ ሱቅ ሲነሳ በሌላ ይተካል፤ አተካኩ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተነሳው ሱቅ ሽንኩርት 60 ብር፣ አዲሱ በዚያው ወር 75 ብር ቢሸጥና በቀጣዩ ወር አዲሱ 78 ቢል፣ 78ን ከ60 ጋር ያነጻጸረ 30 በመቶ ግሽበት ይመዘግባል። ትክክለኛው መንገድ ሱቁ ሳይዘጋ ለአንድ ወር ከሁለቱም መሰብሰብና ከዚያ በኋላ አዲሱን ከራሱ ጋር ማነጻጸር ነው፤ 75 ወደ 78፣ 4 በመቶ። መማሪያ መጽሐፍ እዚህ ላይ ያቆማል። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምራለን፦ የሰፈሩ ሰው ርካሹን ሱቅ አጥቶ ውዱ ጋ መሄዱን ይህ ዘዴ ፈጽሞ አያየውም፣ ያቺ 15 ብር የትም ሳትመዘገብ ከኪሱ ትወጣለች። ስለዚህ በሩብ ዓመቱ ስንት ሱቅ እንደተተካና በተተኪና በተነሺ መካከል የነበረው አማካይ የዋጋ ልዩነት ይገለጽልን።

በዓልም አለ። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ፤ የ15 ቀን ልዩነት ነው። የዶሮ፣ የዕንቁላልና የቅቤ ዋጋ የሚሰቀለው በበዓሉ ዋዜማ ነው። አንዱ ዓመት ዋጋ የተሰበሰበው በጾሙ ማለቂያ፣ ሌላው ከበዓሉ በኋላ ከሆነ ንጽጽሩ የበዓል እንጂ የገበያ አይሆንም። ዋጋው በየትኞቹ ቀናት እንደተሰበሰበ አንድ መስመር ብትጽፉ ይበቃል።

የቤት ኪራይን በአጭሩ እንለፈው፦ ውሉ ላይ የተጻፈውና በተግባር የሚከፈለው ላይገጥሙ ስለሚችሉ አከራዩን ሳይሆን ተከራዩን መጠየቅ ይሻላል። የሸቀጦች ክብደትም (የሚዛኑ ሳይሆን እያንዳንዱ ሸቀጥ በቤተሰብ ወጪ ውስጥ ያለው ድርሻ) በየትኛው ዓመት ጥናት እንደተሰላ መግለጫው አናት ላይ ይጻፍ። ታህሳስ 2009ን 100 አድርጎ የተነሳው ቅርጫት፣ ማለትም ግሽበት የሚለካበት የሸቀጦች ዝርዝር፣ ሲመዘን ቴሌብር ገና አልነበረም፤ ዛሬ ለሞባይል ዳታ የማይከፍል ቤተሰብ ከተማው ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ለብሔራዊ ባንክ ግልባጭ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባንኩ ሐምሌ 2016 ላይ የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ አድርጎ በወለድ ወደሚመራ ሥርዓት ገብቷል። ወለድ የሚሠራው ወደፊት ባለው ግሽበት ላይ ነው፤ ላለፉት 12 ወራት ምንም አያደርግም። ስለዚህ ባንኩ ማየት ያለበት የወር በወሩን ለውጥ ነው። ወር በወር የ1 በመቶ ጭማሪ ዓመቱን ቢዘልቅ 12.7 በመቶ፣ የ2 በመቶ ግን 26.8 በመቶ ይሆናል፤ የአንድ ነጥብ ልዩነቷ ቀላል አይደለችም። ቆጣቢውም ይህ ያስፈልገዋል። ታህሳስ 2016 ላይ 10,000 ብር በ7 በመቶ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 ብር አገኘ፤ በ17 በመቶው ግሽበት ሲስተካከል (10,700 ለ1.17 ሲካፈል) በአስቀመጠበት ቀን ዋጋ 9,145 ብር ነው።

የምንጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። የመግለጫው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ኢንዴክሱ ራሱ (የመነሻ ወሩን 100 አድርጎ የዋጋን ደረጃ የሚያሳየው ቁጥር)፣ የወር በወር ለውጡና ዓመታዊው ለውጥ እኩል ጎልተው ይውጡ፤ የዓመቱ መግለጫ የሚወጣባቸው 12 ቀናት መስከረም ላይ አስቀድመው ይታወቁ፤ ዝርዝሩ በሠንጠረዥ ተከፍቶ የሚወርድ ይሁን። ከላይ በሰጠነው ምሳሌ ብንሄድ፣ ለጋዜጠኛው የምትሰጡት ጽሑፍ ከዚህ መብለጥ የለበትም፦

«በዚህ ወር ዋጋ ካለፈው ወር በ1 በመቶ ጨምሯል። ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር በ12.7 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ይኸው ቁጥር ባለፈው ወር 17.1 ነበር። ልዩነቱ የመጣው አምና በዚህ ወር የታየው የ5 በመቶ ዝላይ ከስሌቱ ስለወጣ ነው። የሸቀጦች ዋጋ አልወረደም።»

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ የማክሮ ኢኮኖሚክስ መግቢያ የምናስተምር መምህራን