የልጆቹ አልጋ

ውዴ፣ ሰላም ነሽ? ልጆቹስ? 1 አመት ከ4 ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሽ ዛሬ ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ሶስቴ ጽፌ ሶስቴ አጠፋሁት። የላክሽልኝን ቮይስ ሰምቼዋለሁ፣ እንደደረሰኝ ነው የሰማሁት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ኩሽና ቁጭ ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ። "እኛም እንደናንተ ከተማ ልንቀይር ነው፣ ምነው ጠፋሽ፣ የማማክረው ሰው አጣሁ እኮ" ስትዪ ሆዴ ባባ። ያኔውኑ ያልመለስኩልሽ ሳትናፍቂኝ ቀርተሽ አይደለም። መጀመሪያ እውነቱን ልንገርሽ።

የሄድን ቀን ጠዋት፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ እያለ እጄ ላይ ያስጨበጥሽኝ ፖስታ አለ አይደል፣ "ለልጆቹ አልጋ ግዢበት፣ መሬት እንዳይተኙ" ብለሽ። አልገዛሁበትም። በሁለተኛው ሳምንት ለኪራይ ሄደ። ከዛ በኋላ ስምሽ ስልኩ ላይ ሲመጣ "አልጋው እንዴት ነው?" ብትለኝ ምን እላታለሁ እያልኩ እስኪያቆም አየዋለሁ፣ ልዋሽሽ ደግሞ አልችልም፣ አንቺን ዋሽቼ አላውቅም። እንደዛ እያለ ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ ከዛማ ለመደወል ራሱ አፈርኩ። ይቅር በይኝ።

አሁን እንዴት እንደዛ እንደሆንን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አንቺም እዛው ላይ ነው የምትወድቂው ብዬ ፈርቻለሁ። እኛ ስናሰላ ያሰላነው የመኪናውን ኪራይ እና የቤቱን ኪራይ ብቻ ነበር። ቅድሚያ የ3 ወር እና አንድ ወር ደግሞ መያዣ፣ እሱን እናውቃለን፣ አዘጋጅተናል። ያላሰብነው በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ቤት መክፈል እንዳለ ነው። የድሮው ቤት ውላችን ወሩ ሳያልቅ ብንወጣም የሙሉ ወር ነው የከፈልነው፣ እዛ ያስያዝነው ገንዘብ ደግሞ ቶሎ ይመለሳል ብለን ለአዲሱ ቤት ቆጥረንበት ነበር፣ የመጣው ከ2 ወር በላይ ቆይቶ ነው። የባለቤቴም አዲሱ ስራ ደሞዝ ወሩ ሲያልቅ ነው የሚከፈለው፣ በወሩ አጋማሽ ስለጀመረ ደግሞ የመጀመሪያው ግማሽ ሆኖ መጣ። በቃ ፖስታሽ እዛ መሀል ነው ያለቀው። ስለዚህ አንቺ መያዣ የሚባለውን ገንዘብ እንደጠፋ ቁጠሪው፣ ሲመጣ ይመጣል። እና ደሞዝ ሳይገባ ቢያንስ 2 ወር የምትኖሩበት ከሌለሽ ጉዞውን በአንድ ወር ግፊው እንጂ ተበድረሽ እንዳትነሺ።

ግን ከዚህ ሁሉ የከበደን ሌላ ነገር ነው። ቤቱ ርካሽ ነበር፣ ሰፊ ነበር፣ ልጆቹ የራሳቸው ክፍል አላቸው ብዬ በፎቶ አይቼ ነው የወደድኩት። ከመሀል ከተማ ያለውን ርቀት ደላላው "ቅርብ ናት" ሲለን ቅርብ ነው ብለን ተቀበልን። እሱ ስራ ለመድረስ ሁለት ትራንስፖርት ነው የሚይዘው፣ ሲመለስም ሁለት። አንድ ቀን ማታ ተናድጄ የትልቋን ደብተር ቀድጄ አሰላሁት፣ በወር 22 የስራ ቀን በ4 ሲባዛ 88 ጊዜ መሳፈር። መሄጃው 2 ሰዓት መመለሻው 2 ሰዓት ስለነበር እሱም 88 ሰዓት ሆኖ መጣ፣ አስቢው፣ ከ3 ቀን ተኩል በላይ በየወሩ መንገድ ላይ። የትራንስፖርቱን ከኪራዩ ጋር ስደምረው ውድ ነው ብለን የተውነውን ቅርቡን ቤት አለፈው! ያውም ልጆቹ አባታቸውን የሚያዩት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ሆኖ። ጠዋት ሲወጣ ተኝተዋል፣ ሲመጣ ተኝተዋል። ትንሹ ያኔ የ14 ወር ልጅ ነው፣ አንድ ሰሞን አባቱ ሲያቅፈው ማልቀስ ጀምሮ ነበር፣ ያን ቀን ፊቱን ብታዪው።

ስለዚህ እባክሽ ኪራይ ብቻ አይተሽ ቤት አትያዢ። ኪራዩን እና ትራንስፖርቱን አንድ ላይ ደምሪና ከዛ አወዳድሪ፣ አንድ ክፍል ይቅርብሽ። ቤቱን ሳታዪ ደግሞ አትፈራረሙ። ሁላችሁም መሄድ አትችሉም አውቃለሁ፣ ባለቤትሽ ቀድሞ ይሂድና ሰው ጋ ወይ አንድ ክፍል ይዞ 3 ሳምንት ይቆይ፣ ከስራ ወደ ቤቱ በሰራተኛ መውጫ ሰዓት ራሱ ይሞክረው፣ እሁድ ከሰአት የተሞከረ መንገድ መንገድ አይደለም። ቧንቧውን ጠዋት ይክፈተው፣ ማታም ይክፈተው። ቁልፍ ስትረከቡ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ፎቶ አንሺ፣ የተሰነጠቀ ነገር ካለም አንሺ፣ እኛ ያልተጠቀምንበትን ሂሳብ ከፍለናል ማስረጃ ስለሌለን።

ዕቃውን በተመለከተ ብዙ አልልሽም፣ አንቺ ከኔ ትሻያለሽ። ሶፋውን እና ቁምሳጥኑን ይዘን መሄዳችን ስህተት ነበር፣ ለነሱ ብለን ነው ትልቅ መኪና የያዝነው፣ ቁምሳጥኑ በበሩ አልገባም። መጽሐፍ ትንሽ ካርቶን ውስጥ ክተቺ፣ ትልቅ ውስጥ ከሆነ ማንም አያነሳውም። ሳህን በልጆቹ ልብስ ጠቅልይው፣ ደርበሽ ሳይሆን በጎኑ አቁመሽ ደርድሪው፣ አንድ አልተሰበረብኝም። ፍሪጁ ተኝቶ ከሄደ እንደደረስሽ ሶኬት ላይ እንዳትሰኪው፣ ዘይቱ ወደ ቱቦው ስለሚሄድ ቢያንስ ተኝቶ የቆየበትን ያህል ሰዓት ቆሞ ይቆይ። የልጆቹ ክትባት ካርድ እና የትምህርት ቤት ወረቀት መኪናው ላይ እንዳይጫን፣ ካንቺ ቦርሳ አይውጣ፣ ፎቶም አንስተሽ ያዢው። የትንሹ ሁለተኛ የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮው 15 ወሩ ላይ ነበር፣ ካርዱ የትኛው ካርቶን ውስጥ እንዳለ ጠፍቶን 5 ሳምንት አሳለፍነው፣ ያን ሰሞን በነካሁት ቁጥር ያተኩሳል አያተኩስም እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

የልጆቹን ነገር ግን ረጋ ብለሽ ስሚኝ። እኔ ህፃናት ናቸው ቶሎ ይለምዳሉ ብዬ ነበር። ትልቋ 4 አመቷ ነበር፣ ዳይፐር ከተወች ከአመት በላይ ሆኗት ነበር፣ በሄድን በሳምንቱ ሌሊት መሽናት ጀመረች። ተቆጣኋት። እስከዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። በኋላ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ነች "ቤት የቀየረ ልጅ ላይ ያጋጥማል፣ አትቆጪያት፣ ይተዋታል" ያለችኝ፣ ተዋትም።

አንድ ሌሊት ደግሞ ዳሰሳ የመሰለ ድምፅ ሰምቼ ተነሳሁ። ትልቋ በጨለማ ግድግዳው ጋ ቆማለች፣ በሁለት እጇ ግድግዳውን እያሻሸች። "ምን ሆነሽ ነው?" ስላት "በሩ የለም" አለችኝ። ለካ በድሮው ቤት አልጋዋ ላይ ሆና በሩ በቀኝ በኩል ነበር፣ እዚህ በግራ ነው፣ ልጄ በእንቅልፍ ልቧ እየተነሳች ወደ ድሮው በር ነው የምትሄደው። እዛው ቁጭ ብዬ አቅፌያት አለቀስኩ። ሲነጋ ፍራሹን ገልብጬ ራስጌውን ግርጌ አደረግኩት፣ በሩ በቀኟ ሆነላት። ከዛ ሌሊት በኋላ ግድግዳ ጋ ቆማ አላገኘኋትም። ምንም ገንዘብ አልጠየቀም እኮ ይሄ፣ ማሰብ ብቻ ነበር። አንቺም ልጆቹ በየት በኩል እንደሚተኙ፣ መብራቱ በየት በኩል እንደሆነ ሳትለቁ በፊት እይው። አንሶላቸውን ሳታጥቢ ይዘሽ ሂጂ፣ የቤታቸው ሽታ አለበት። ካርቶናቸውን መጨረሻ ጫኚው፣ ስትደርሱ መጀመሪያ ፍቺው፣ የኛ ከስር ነበር የተጫነው፣ የመጀመሪያውን ሌሊት በኔ ሹራብ ነው የተኙት።

አሁን ደህና ነን። በ8ኛው ወር ውሉን ጨርሰን ጠባቡን ቤት ያዝን፣ እሱ አሁን በእግሩ 25 ደቂቃ ነው የሚሄደው፣ ማታ ማታ ትንሹን የሚያጥበው እሱ ነው።

አልጋውንም ገዛሁ። ባለፈው ቅዳሜ፣ አዲስ አይደለም፣ ተደራራቢ ነው፣ ከሚለቅ ቤተሰብ ላይ ነው ያገኘሁት፣ ባለቤቴ ብሎኑን ሁሉ እንደገና አጠበቀው። አንድ አመት ከምናምን ዘግይቶ ያንቺ አልጋ ነው፣ ለልጆቹም እንደዛ ነው የነገርኳቸው። ትልቋ ላይኛው ላይ ነች፣ በሩ በቀኟ ነው። ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

ቤት ልታዩ ስትሄዱ ከደላላው ጋር ሳትስማሙ በፊት ደውይልኝ፣ የሰፈሩን ስም እና የባለቤትሽን መስሪያ ቤት ንገሪኝ፣ አብረን እናሰላዋለን። ሌሊትም ቢሆን ደውይ። አሁን አነሳለሁ።