ኖራው ለጠርዝ ድንጋይ ይሁን፣ ግንዱን ተዉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ሰሞኑን እዚህ የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ለበዓል ሲጸዳ ያረጁት ዋንዛዎች ግንዳቸው በሽቦ ብሩሽ ተፈገፈገ፣ ከዚያ እስከ ወገባቸው ኖራ ተቀቡ። ምነው ስንል «አረንጓዴው ነገር ዛፉን ይመጠዋል፣ ደግሞ ቆሻሻ ይመስላል» ተባልን። ስለ ቆሻሻው አልከራከርም፣ የዓይን ጉዳይ ነው። ይመጠዋል የሚለው ግን ሐሰት ነው።

ያ አረንጓዴ ነገር በባዮሎጂ ትምህርት ሞስ ያልነው ተክል ነው፤ ሥር የለውም። ግንዱን የሚቆነጥጥባቸው ቀጫጭን ክሮች ናቸው ያሉት። ውሃውን ከዝናብና ከጉም በቅጠሉ ይጠጣል፣ ምግቡን በፀሐይ ብርሃን ራሱ ይሠራል። ዛፉ መቀመጫው ነው፣ በቃ።

ጠጋ ብሎ ላየው ደግሞ ሞስ ሁሉ አንድ አይደለም። ኔኬራ የሚባል ወገን አለ፤ መጽሐፍ ውስጥ ተረስቶ እንደከረመ ቅጠል ጠፍጣፋ ነው። ቅጠሎቹ ከቅርንጫፉ ግራና ቀኝ ተኝተው ያብረቀርቃሉ፣ በአንዳንዱ ዝርያ ላይ ደግሞ ቅጠሉን አግድም የሚያቋርጥ ሞገድ በባዶ ዓይን ይታያል። ስሙ የቆየ ነው፤ ሄድዊግ የተባለው የሞስ ሊቅ ከሞተ በኋላ በ1801 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፉ ውስጥ አለ። (ዛሬ የዘረመል ጥናት አንዳንዶቹን ዝርያዎች ወደ ሌላ ወገን አዛውሯቸዋል፣ ሊቃውንቱ አርፈው አይቀመጡም።)

ኔኬራ የሚኖረው የት ነው ካላችሁ፣ ጥላና እርጥበት ባለበት ሰፋፊ ቅጠል ባላቸው ያረጁ ዛፎች ግንድ ላይ፣ እንዲሁም በድንጋይ፣ በተለይ በኖራ ድንጋይ ላይ። በአውሮፓም አለ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ደንም አለ። አውሮፓ ውስጥ ፔናታ የተባለው ዝርያ ያረጁ ዛፎች እየተቆረጡ፣ አየሩም እየተበከለ ሲሄድ ከብዙ ቦታ ጠፍቷል። ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚዛመተው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ከአንድ ግንድ የተፋቀው ለሚቀጥለው በዓል ተመልሶ ይበቅላል ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው።

ወደ ጌራና በለጠ ደን የሄደ ሰው የቡናውን ጥላ ዛፎች ያውቃቸዋል፤ ሳሳው፣ ብሳናው፣ ዋንዛው ሞስ ለብሰው ነው የሚቆሙት፣ ሞሱ ባቆየው እርጥበት ላይ ፈርንና ኦርኪድ ይበቅላል፣ ዛፎቹም ከነልብሳቸው ያረጃሉ እንጂ ተመጠው ሲደርቁ አላየንም።

ኖራ ጥቅም የለውም አላልኩም። ለጋ የፍራፍሬ ዛፍን ከፀሐይ ቃጠሎ ይከላከላል። ስንት ዘመን የቆመ ዋንዛ ግን ምን ያድርግለት?

የጅማ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት መምህራን በከተማችን ግንዶች ላይ የትኞቹ ዝርያዎች እንዳሉ በጋዜጣችሁ ቢጽፉልን ደስ ይለናል። ከሚቀጥለው በዓል በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ