ወደ ኮሚኬት ለምትሄዱ
ሰላም ጓዶች! የነሐሴው ኮሚኬት፣ ማለትም ቶኪዮ ውስጥ የሚካሄደው ትልቁ የማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) አድናቂዎች ዝግጅት፣ እየደረሰ ነው። የቶኪዮ ሙቀት በዚያ ሰሞን አይጣል ነው፤ ውሃና ኮፍያ ሳትይዙ ሰልፍ ውስጥ እንዳትገቡ። ሌሊቱን እዚያ አድሮ መሰለፍ ክልክል ነው። ኮስፕሌይ የምታደርጉ (እንደ ማንጋ ገጸ ባህሪ የምትለብሱ) ልጆች ደግሞ ልብሱን ከቤት ለብሳችሁ እንዳትመጡ፤ ዝግጅቱ በሚካሄድበት በቢግ ሳይት አዳራሽ ግቢ ውስጥ በተዘጋጀው መቀየሪያ ክፍል ነው የሚለበሰው፣ የሚወልቀውም እዚያው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት እባካችሁ አስፈቅዱ። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ዶጂንሺው ነው፦ ሰዎች ራሳቸው ስለውና ጽፈው፣ ራሳቸው አሳትመው፣ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚሸጡት መጽሐፍ፤ ዝግጅቱ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው በእነሱ ነው። ሻጮቹ መልስ እንዳይቸገሩ የ100 የን ሳንቲምና ባለ 1,000 የን ኖት በደንብ ያዙ። ከትልልቆቹ ድርጅቶች በፊት ትንንሾቹን ጠረጴዛዎች እዩ፣ እዚያ ያለቀ መጽሐፍ ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል።